የአሰፋሽ ምስክርነትና የቤቴል ሁለተኛ ዓመት

አሰፋሽ ተናዳ ስትመጣ ከሩቅ ታስታውቃለች። አገጯ ይቀድማታል። ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ባለ አንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሄዷል፤ ሦስቱም እሷን ላለማግኘት በጓሮ በር መውጣት ለምደው ነበር። ደመወዝ አንድ ቀን ከዘገየ ካውያውን ከሶኬቱ ነቅላ ቁጭ ነው። «እኔም ካውያውም ደመወዝ እየጠበቅን ነው» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያስነሳት ሰው ካለ ይሞክራት።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ ባለፈው መስከረም፣ ከረቡዕ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ፣ ያልተጣላችው ሰው ያልነበራት። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋር ተጣላች፣ ከድጋፍ ቢሮው ጋር ተጣላች፣ ከገዛ ልጇ ጋር ተኮራርፋ ሰነበተች። የጥሉ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው፤ ልጇ ቤቴል ሁለተኛ ዓመት ትመዘገባለች ወይስ ቤት ትቀመጣለች?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አሰፋሽ የሆሳዕና ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ያላት ልጅ ቤቴል ብቻ ናት። ቤቴል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፋ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲመድባት የደረሳት ሩቅ አገር ነበር፤ የሁለት ቀን መንገድ። እዚያ ብትሄድ ኖሮ ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም በወጪ መጋራት ነው፤ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል፤ እስከዚያ ማንም ኪሱን አይዳብሰውም። አሰፋሽ ግን መንገዱን ፈራች። በዚያ በኩል አውቶቡስ አስቆሙ፣ ሰው አወረዱ ሲባል በሬዲዮም በታክሲም ሰምታለች። «አንድ ልጄን አውቶብስ ላይ ጭኜ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» ብላ እግሯን ተከለች። ቤቴል ለመነች፣ አለቀሰች፣ ሁለት ጊዜ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ሁለቱንም ጊዜ እናቷ ፈታችው።

መጨረሻ ላይ ቤቴል ሲኤምሲ መንገድ ዳር ካለ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ገባች። የመጀመሪያውን ዓመት አሰፋሽ በእቁቧ ከፈለች። ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ እቁቡም አልቋል፣ የሚሸጥ ነገርም ቤት ውስጥ የለም። ሃምሳ ስምንት ሺህ ብር! አንሶላ ታጥቦ ሃምሳ ስምንት ሺህ ብር የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ቦሌ በሙሉ አንሶላ አጣቢ በሆነ ነበር።

ጉርድ ሾላ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ያቋቋሙት የትምህርት ድጋፍ ቢሮ አለ። ሌላ የሚከፍልለት ሰው ለሌለው ተማሪ እስከሚመረቅ ድረስ ሙሉውን ይከፍላል። ቤቴል ከወረዳ የድህነት ማስረጃ አውጥታ፣ ውጤቷን አያይዛ አመለከተች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቢሮው ሠራተኛ ሰምሃል ደወለች። «እትዬ አሰፋሽ፣ ቤቴል የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ገና ማጣሪያ አለ፤ አንዳንድ ማስረጃም ይቀራል» አለቻት። አሰፋሽ የሰማችው «ገብታለች» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረው የዚህ ዓለም ወሬ ሆኖ አለፈ።

እሁድ ሲነጋ ሲኤምሲ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ አሰፋሽ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። ማይኩን ተቀብላ «ጌታ ለልጄ የኮሌጁን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ከፍሏል! ደረሰኙ በእጄ ነው!» አለች። አዳራሹ በእልልታና በሃሌ ሉያ ተናወጠ። ሰው እያቀፈ ሳማት፤ መድረክ መሪው «ይህ ነው እምነት!» እያለ ዘለለ። ደረሰኝ የሚባል ነገር ግን በእጇ አልነበረም። በኪሷም አልነበረም።

ውሸታም ናት እንዳትሉ ታዲያ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደንቡ እንዲህ ነው፤ የለመንከውን ገና ሳታየው እንደተቀበልክ አድርገህ ትናገራለህ። እጁ እስኪገባ የሚጠብቅ ሰው ጠርጣሪ ይባላል። አንዲት እናት የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተቀበልኩ ብለው መስክረው ቁልፉ በሁለት ዓመቱ መጣ፤ እስካሁን ስማቸው በበጎ ይነሳል። አሰፋሽም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ልቧ ሞልቶ ነበር፣ ተናገረች።

ቤቴል ግን ከመዘምራኑ መሃል ሆና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ቤት እንደገቡ «እማዬ፣ ማነው የከፈለው?» ብላ ጠየቀች። «ጓደኞቼ በሙሉ እንኳን ደስ አለሽ እያሉኝ ነው። ካልሆነስ? ነገ ምን ልበላቸው?»

«አንቺ የማታምኚ! ላንቺ ብዬ አይደል እንዴ?»

«ለእኔ ብለሽ እኔን ሳትጠይቂኝ» አለች ቤቴል፤ ከዚያ ወዲያ ለእናቷ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» በቀር ቃል አልሰጠቻትም።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሰምሃል መልሳ ደወለች። ማጣሪያው አልቋል፤ የቀረው አንድ ወረቀት ነው። ቤተሰቡን የሚያውቅ የሃይማኖት ተቋም «ይህች ተማሪ ሌላ የሚከፍልላት የላትም» ብሎ በማህተም ይጻፍ። እስከ ሰኞ ረፋድ ካልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። «ይሄማ ምን አላት!» አለች አሰፋሽ፤ ረቡዕ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሄደች።

የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ የሚጽፉትና ማህተሙን የሚይዙት ሽማግሌ ወንድም ኦላና ናቸው። የወለጋ ሰው፣ ስድሳ የደፈኑ፣ በሥራቸው የሒሳብ ባለሙያ። ከሰው ጋር ሲነጋገሩ እንኳ የሚደምሩና የሚቀንሱ ነው የሚመስሉት። ሚስታቸው ማሚቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የለም። የአሰፋሽን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እህት አሰፋሽ፣ ይህን መጻፍ አልችልም።»

«ምነው፣ ቀለም አለቀ?»

«ሌላ ከፋይ የላትም ብዬ ነው የምጽፈው። አንቺ ደግሞ በሦስት መቶ ሰው ፊት ተከፍሏል፣ ደረሰኙ በእጄ ነው ብለሻል። እኔም ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።»

«በእምነት ነዋ ያልኩት!»

«ደብዳቤ በእምነት አይጻፍም። የሆነውን ነው የምጽፈው። ወይ ምስክርነትሽ ልክ ነው፣ ወይ ደብዳቤው ልክ ነው። ሁለቱን በአንድ ማህተም አልመታም።»

አሰፋሽ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«እሁድ መድረክ ላይ ውጪና አርሚው። ገና አልተከፈለም በይ። ያኔ ወዲያውኑ እጽፍልሻለሁ።»

«ሰው ፊት ወጥቼ ጌታን ላዋርድ? የሰይጣን መሳቂያ ልሁን?»

«ጌታን ማን ነካው? አንቺ ያልሽውን ነው አርሚ ያልኩሽ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁ!» አለችና በሩን ወርውራው ወጣች። ወንድም ኦላና «ወረቀቱን የፈለግሽው አንቺ ነሽ» ሲሉ ድምፃቸው በተዘጋው በር በኩል ተከተላት። መልስ ባለመስጠቷ እስከ መገናኛ ድረስ ስትበግን ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያው ጣሪያ ላይ አንሶላ ሲያሰጡ ለሥራ ባልደረባዋ ለአስማ ነገረቻት። አስማ የስልጤ ልጅ ናት፤ ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ነገርን ግን ላላ አድርጋ የምትይዝ ሴት። እስከ መጨረሻው ሰምታ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ሳቀች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እኛ እኮ ኢንሻ አላህ ነው የምንለው፣ አሰፋሽዬ። ቢሆንም አናፍርም፣ ባይሆንም አናፍርም። አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

«አስማ፣ ይሄን አንሶላ አፍሽ ውስጥ እንዳልወትፈው!»

«ወትፊው፤ አንሶላውን መልሰሽ የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ይልቅ እድራችሁ ማህተም የለውም? እሱ አይጽፍልሽም?»

ይህ አሰፋሽን ደስ አሰኛት። በምሳ ሰዓቷ ጉርድ ሾላ ሄደች። ስለ እድሩ ስትነግራት ግን ሰምሃል ራሷን ነቀነቀች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ጨዋነቷ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

«እትዬ አሰፋሽ፣ እድር አይሆንም። ፎርሙ ላይ የሞሉት የቤተ ክርስቲያኑን ስም ነው፤ ከእሱ ነው የሚመጣው።»

«ሌላ መንገድ የላችሁም? ድጋፍ ማለት እናንተ ብቻ ናችሁ እንዴ?»

«ልንገርዎት» አለች ሰምሃል፤ ጣቷንም ማጠፍ ጀመረች። «ኮሌጁ ራሱ ቅናሽ ይሰጣል፤ ግን ከክፍል አንደኛ ለወጣ፣ እሱም ሩቡን ብቻ ነው። ቤቴል አራተኛ ናት። ባንክ ብድር አለ፤ ቤት ወይ መኪና ማስያዝ ይፈልጋል። አለዎት?»

«ካውያ አለኝ። እሱም የሆቴሉ ነው።»

«የመንግሥቱ ወጪ መጋራት ደግሞ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ለግል አይሆንም።» ሰምሃል የቤቴልን ፋይል ገለጥ አደረገች። «እሱን ዕድል እኮ አምና አግኝታ ነበር። ለምን ተወችው?»

አሰፋሽ ቦርሳዋን አነሳች። በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ሰምሃልን በልቧ ያልሰደበቻት ስድብ የለም።

ማታ እራት ላይ ቤቴል ሳህኗን ገፋ አደረገችና ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። «ወንድም ኦላና አልጽፍም እንዳሉሽ ሰምቻለሁ። ታርሚዋለሽ?»

«አላርምም።»

«እንግዲያውስ ዕቃዬን ከኮሌጁ ሎከር አወጣለሁ። አምና ሻንጣዬን ፈታሽ፣ ዘንድሮ ደግሞ አፍሽን መፍታት አቃተሽ።»

አሰፋሽ ጥፊ ሰነዘረች። አልመታቻትም፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። በሕይወቷ ልጇን መትታ አታውቅም። ቤቴል ተነስታ ሳህኑን አጠበች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። የዚያን ዕለት አሰፋሽ ወንድም ኦላናን ጠላቻቸው። ጥላቻ የሚባለውን ነገር በደንብ የምታውቅ ሴት ናት፤ ይሄኛው ግን ከሁሉም ባሰ። እኚህ ሰው ባይኖሩ ልጄ እንዲህ አትናገረኝም ነበር አለች።

አርብ ፈቃድ ጠየቀች፤ ሥራ አስኪያጁ ፊቷን አይቶ ሳይጨቃጨቅ ሰጣት። ወንድም ኦላና የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ጉርድ ሾላ አደባባዩ አጠገብ ነው። አምስት ሰው በአንድ ክፍል ተደርድሮ ሒሳብ ይሠራል። አሰፋሽ በሩ ላይ ቆማ ጠረጴዛቸውን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችና በቀጥታ ሄደች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ዝቅ ልታደርግ አልመጣችምና።

«ወንድም ኦላና፣ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሚቱ ተፈውሳለች፣ ዕጢው ከሰውነቷ ጠፍቷል ብለው መድረክ ላይ የመሰከሩት ማን ነበሩ? እርስዎ አይደሉም?»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ከሥራው ቀና አለ።

«እርስዎ ነዎት! እኔም ቆሜ እልል ብያለሁ። በሦስተኛው ወር ቀበርናት። ታዲያ ማን አረመዎት? ማን ነው ውጡና አርሙ ያለዎት? የእርስዎ ሲሆን እምነት፣ የእኔ ሲሆን ውሸት! የድሃ ልጅ ስለሆነች ነው አይደል?»

ተናግራ ስትጨርስ ራሷም ደነገጠች። ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያመለጠው ደግሞ አልመለስ አለ። ወንድም ኦላና መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጡት። ያለ መነጽር ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ይመስላል።

«ማንም አላረመኝም» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ሐኪሙ መድኃኒቱ ስድስት ዙር ነው ብሎን ነበር። ሁለቱን ወስዳ ነበር። እሁድ መሰከርኩ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ሆስፒታል እንሂድ? ከቤተ ክርስቲያን ሰው አንዱ በሩ ላይ ቢያየንስ? ምን እንላለን? እሷ ልሂድ አለች። ሁለት ጊዜ ልሂድ አለችኝ። እኔ ነኝ ምስክርነቴን አታፍርሺብኝ ያልኳት።»

በመስኮቱ በኩል የታክሲ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ!» እያለ ይጮሃል።

«አንድ ሰው መጥቶ ኦላና፣ ውጣና አርመው ቢለኝ ኖሮ እጠላው ነበር» አሉ። «አንቺም ጥይኝ። እሁድ ካላረምሽ ግን አልጽፍም። አሁን ሂጂ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

አሰፋሽ ወጣች። ልታዝንላቸው ፈለገች፤ ንዴቱ ግን ቦታ አልለቅ አላት። እግዚአብሔር ይማራት ማለት እንኳ ረስታ ነበር የወጣችው። በእግሯ እስከ ሲኤምሲ ሄደች፤ ታክሲ ውስጥ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልቻለችም። ልሂድ አለች፣ ሁለት ጊዜ ልሂድ አለችኝ ያሉት ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ቤቴልም ሁለት ጊዜ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ልሂድ ብላ ነበር።

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። አሰፋሽ ስትነሳ መድረክ መሪው ከሩቅ አይቷት ፊቱ በራ። «እህታችን አሰፋሽ ሌላ ድል ይዛ መጣች! ሃሌ ሉያ!» አለና ማይኩን ሰጣት። ከፊት ረድፍ ወንድም ኦላና እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ቤቴል ከመዘምራኑ መሃል ናት፤ ዓይኗን መሬት ተክላለች።

«ባለፈው የልጄ ክፍያ ተከፍሏል ብያችሁ ነበር» አለች አሰፋሽ።

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

«አልተከፈለም።»

«አሜን!» አለ ግማሹ ሰው፣ ከልማዱ የተነሳ። ኦርጋን የሚጫወተው ልጅም ደስ የሚል ዜማ ጀመረላት።

«አሜን አትበሉ!» ብላ ጮኸች። ማይኩ ሲያፏጭ ሰው ጆሮውን ያዘ። «ምኑ ነው አሜን? አልተከፈለም ነው የምላችሁ! አንተ ደግሞ ይሄን ኦርጋን ተወው!»

ኦርጋኑ ቆመ። መድረክ መሪው ፈገግ እንዳለ ጠጋ ብሎ «በእምነት ግን እህታችን…» ማለት ሲጀምር «እጅህን ከማይኩ ላይ አንሳ» አለችው። አነሳ። ወደ ሰዉ ዞረች።

«ያኔም አልተከፈለም ነበር። ደረሰኝ የለኝም። ሃምሳ ስምንት ሺህ ብር ነው፤ ሃምሳ ስምንት ብሩም የለኝም። ልጄ መንግሥት ያለ ክፍያ ሊያስተምራት ነበር፤ መንገድ ፈርቼ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አሁን አንድ ቢሮ ሊከፍልላት ነው፣ እሱም ከነገ በኋላ የለም። ያልኩትን መልሻለሁ። በቃ፣ ይሄው ነው።» ማይኩን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ወረደች። እልል ያለ የለም።

ግቢ ውስጥ አጥሩ አጠገብ ቆመች። ወንድም ኦላና አጠገቧ ሲያልፉ ሳያዩዋት «ልጽፍ ነው፣ ቆዪ» ብለው ወደ ቢሮው ገቡ። ጉባኤው እስኪያልቅ ብቻዋን ቆማ ጠበቀች። ሰው መውጣት ሲጀምር መጀመሪያ አንዲት አሮጊት መጡና ሳይናገሩ መቶ ብር እጇ ውስጥ ጨበጥ አደረጉላት። ልትመልስ ስትል እሳቸው ሄደዋል። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ሃምሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ። አሰፋሽ ከባሏ ቀብር ቀን ጀምሮ ከሰው እጅ አምስት ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም። በዚያ ነበር የምትኮራው። አሁን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደ ለማኝ ቆማ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ትቀበላለች፤ በልቧ ደግሞ እያንዳንዳቸውን ትረግማለች። ደግ ሲሆኑባት ከኦላና ይልቅ እነሱን ጠላች።

ቤቴል ከአዳራሹ ወጥታ አየቻት። የመዘምራን ልብሷን እንዳጠለቀች መጣችና አጠገቧ ቆመች።

«ሂጂ፣ ታክሲ ተራው ጋ ጠብቂኝ» አለቻት አሰፋሽ በጥርሷ መሃል። «ይሄ ላንቺ የሚሆን ነገር አይደለም።»

«ክፍያው የኔ አይደል?» አለች ቤቴል፤ ቀጥሎ ለመጡት አዛውንት እጇን ዘረጋች።

ወንድም ኦላና ማህተሙ ገና ያልደረቀ ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ እናትና ልጅ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ይዘው ነበር። አሰፋሽ ገንዘቡን አፍንጫቸው ሥር ወሰደችው። «ይሄው ሌላ ድጋፍ! ይሄንንም ይጻፉት! ነው ወይስ ለሚቀጥለው እሁድ ሌላ የማርመው ይኑረኝ?»

ሰውየው ገንዘቡን አዩ፣ ደብዳቤውን አዩ። «እሱ የታክሲ ነው» አሉና ደብዳቤውን ለቤቴል ሰጥተው ሄዱ። አሰፋሽ አላመሰገነቻቸውም። እሳቸውም አልጠበቁም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰምሃል ቢሮዋን ስትከፍት ሁለቱም በሩ ላይ ነበሩ። ደብዳቤውን አነበበች፣ ማህተሙን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ የመጨረሻውን ቅጽ አወጣች።

«ይህን ደግሞ ከራስዎ አፍ ሰምቼ ነው የምሞላው፤ አሠራሩ ነው፣ አይቀየሙኝ። ለቤቴል ክፍያ ከእኛ ሌላ የሚያስቡት፣ ተስፋ የሚያደርጉት ማንኛውም ወገን አለ?»

አሰፋሽ «እግዚአብ…» ብላ ጀመረች። ቤቴል ቀና ብላ አየቻት። ሰምሃል እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አሰፋሽ ከንፈሯን ነከሰች።

«የለም» አለች። «ማንም የለም።»

ሰምሃል ጻፈችው፤ ሁለቱንም አስፈረመቻቸው። «ረቡዕ ሄደሽ ተመዝገቢ» አለቻት ለቤቴል፤ «እስክትመረቂ ድረስ እኛ አለን።» ቤቴል ጎንበስ ብላ አመሰገነች። አሰፋሽ ግን ቦርሳዋን አንስታ ቀድማ ወጣች፤ ደረጃው ጋ ስትደርስ ቁጭ አለች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«ማንም የለም አልኩ» አለች። «ሰማሽኝ? በአፌ፣ ማንም የለም አልኩ።»

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ» አለች ቤቴል፤ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች።